አሥራ አራቱ አሳሲንስ ክሪድ በተራ፦ የደረጃ ማውጣት ማስታወሻ

ጥቅምት፦ ደንብ ማውጣት

የአሳሲንስ ክሪድን ዋና ዋና ጌሞች በደረጃ ልደረድር ነው። አሥራ አራት ናቸው። የመጀመሪያው በ2007 ወጣ፣ የመጨረሻው ሻዶውስ በ2025። ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው፣ አለዚያ እንደናገራለን። የስልኮቹን፣ ወደ ጎን ብቻ የሚኬድባቸውን ትንንሾቹንና መጀመሪያ በእጅ ለሚያዝ መጫወቻ የተሠራውን ሊበሬሽንን ትቻቸዋለሁ። እነሱን ከጨመርኩ ሥራው አያልቅም።

እንዲህ ዓይነት ደረጃ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ትዝታ ነው። ሰው በጉርምስናው ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈለ፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ልጆች "ጨርስ እንጂ!" እያሉት የተጫወተው ጌም ምንጊዜም አንደኛ ነው። እኔም ከዚህ አላመልጥም። ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። እያንዳንዱን ጌም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እከፍታለሁ። ቢያንስ አንድ ትልቅ ግድያ እስኪደርስ እጫወታለሁ። ከዚያ ካርታውን አጥፍቼ ከተማው ውስጥ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ቦታ የምሰጠው ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ናት፦ ሰውየውን ከመግደሌ በፊት ጌሙ ምን አሠራኝ? ተከታታዩ ስለ አድብቶ ገዳዮች ነው። ማድባቱ ከሌለ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ግራፊክስ፣ የካርታ ስፋት፣ የመሣሪያ ብዛት ከዚያ በኋላ ይታያሉ።

የአሥራ አራቱን ስም ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ የቁም ሣጥኑ በር ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ሳልጫወት፣ ከጭንቅላቴ ብቻ ያስቀመጥኩት ተራ ይኼን ይመስላል፦ ሁለተኛው ጌም አንደኛ፣ ብላክ ፍላግ ሁለተኛ፣ ብራዘርሁድ ሦስተኛ፣ ኦሪጅንስ አራተኛ። ቫልሃላ ስምንተኛ። የመጀመሪያው ጌም አሥራ ሁለተኛ፣ ዩኒቲ አሥራ ሦስተኛ፣ ሮግ መጨረሻ። የቀሩት በየመሃሉ ተበትነዋል።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በሩን አየና፣ "ጋሼ፣ ቫልሃላ ስምንተኛ? እየቀለድክ ነው አይደል?" አለኝ። የራሱን ዝርዝር በሌላኛው በር ላይ እንዲለጥፍ ፈቀድኩለት።

ጥቅምት መጨረሻ፦ የመጀመሪያው

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። አኒመስ የሚባል ማሽን አለ፣ የሰውን የአያት ቅድመ አያት ትውስታ ከደሙ ያነባል። ዘመናዊው ሰውዬ ዴዝመንድ ማሽኑ ላይ ተኝቶ አያቱን ይሆናል። በየዘመኑ ሁለት ምሥጢራዊ ማኅበራት፣ አሳሲኖችና ቴምፕላሮች፣ ይጣላሉ። በቃ ይኼው ነው። የቀረው ጌጥ ነው።

የመጀመሪያው ጌም 1191 ላይ ነው፣ በሦስተኛው የመስቀል ጦርነት። ከተሞቹ ደማስቆ፣ ኢየሩሳሌምና ዓኮ ናቸው። ዋናው ሰው አልታኢር ነው። የሚነሣበት የማስያፍ ምሽግ ዛሬም ሶርያ ውስጥ ቆሞ አለ። ኒዛሪ ኢስማኢሊ የሚባሉ የሺዓ ሙስሊሞች ምሽግ ነበር፣ የአሳሲኖቹ ታሪክ የተቀዳውም ከእነሱ ነው።

ዘጠኝ ሰው ትገድላለህ። ከእያንዳንዱ በፊት ግን ከተማው ውስጥ ገብተህ ወሬ መልቀም አለብህ። አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና ሁለት ሰዎች የሚያወሩትን ትሰማለህ። ከአንዱ ኪስ ደብዳቤ ታወጣለህ። አደባባይ ላይ የሚለፈልፈውን ሰው ወደ ጓሮ ወስደህ በቡጢ ታናግራለህ። ያገኘኸውን ይዘህ እዚያው ከተማ ላለው ኃላፊ ትነግረዋለህ፣ እሱ ላባ ይሰጥሃል። ሰውየው ሲሞት ላባውን ደሙ ውስጥ ትነክረዋለህ። ወዲያው የከተማው ደወል ይጮሃል፣ ሩጥ!

በዚህ ዙር ደጋግሜ ያየሁት የዓኮን ሆስፒታል ነው። ጋርኒየር የሚባለው ሰውዬ ሆስፒታለሮች የሚባለው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር አለቃ ነው፣ በታሪክም የነበረ ሰው ነው። ገና ስትገባ አንድ ሕመምተኛ ሊያመልጥ ሲሮጥ ይይዙታል። ጋርኒየር በለሰለሰ ድምፅ ያናግረውና ሁለቱንም እግሩን እንዲሰብሩት ያዛል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ በየአልጋው እየዞረ ሕመምተኞቹን መጎብኘቱን ይቀጥላል። አንተ ከመነኮሳቱ ጋር አንገትህን ደፍተህ ትከተለዋለህ። ጌሙ "አሁን ግደል" አይልህም። ስትፈልግ ነው።

ሲወጣ ሰብታይትል አልነበረውም። እንግሊዝኛው እንደ ዛሬው ባልገባኝ ዘመን ግማሹ ታሪክ በጆሮዬ ያለፈው ለዚህ ነው። ሌላም ጣጣ አለው። አልታኢር ውኃ ውስጥ ከገባ ይሞታል፣ ዋና የሚባል ነገር የለም። ሥራው ለዘጠኙም ሰው ያው ነው፣ አምስተኛው ላይ ይሰለቻል። አራት መቶ ሃያ ባንዲራ ተበትኗል፣ ሁሉንም ለቅመህ ብትጨርስ የሚሰጥህ ነገር የለም።

ያም ሆኖ ከአሥራ ሁለተኛ ወደ አምስተኛ አወጣሁት። ለጥያቄዬ እንዲህ ቀጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ጌም ብዙ የለም።

ኅዳር፦ ኤዚዮ

ሁለተኛው በ2009 ወጣ። አጀማመሩን ረስቼው ነበር። ኤዚዮ ገና ተወልዶ አባቱ እጅ ላይ ነው። አንዱን ቁልፍ ስትጫን አንድ እግሩን ያወናጭፋል፣ ሌላውን ስትጫን እጁን ያነሣል። በዚህች አጭር ትዕይንት ጆይስቲኩ ላይ የትኛው ቁልፍ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚያዝ ያስተምርሃል። እንዲህ ብልህ የሆነ ማስተማሪያ በሌሎቹ አሥራ ሦስቱ ውስጥ አላየሁም።

ከዚያ ፍሎረንስ፣ 1476። አባቱና ሁለት ወንድሞቹ አደባባይ ላይ ይሰቀላሉ። በ1478 የፓዚዎች ሴራ ይመጣል። ጁሊያኖ ደ ሜዲቺ የተገደለበት፣ ሎሬንዞ ቆስሎ ያመለጠበት እውነተኛው ሴራ ማለቴ ነው። ጌሙ ሎሬንዞን ያተረፈው ኤዚዮ ነው ይላል። ይኼ የተከታታዩ ዋና ጨዋታ ነው፦ ታሪኩን አይለውጠውም፣ ክፍተት ፈልጎ አንድ ሰው ይሸጉጥበታል።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ክንድ ላይ ታስሮ የሚደበቀውን የአባቱን ምላጭ ሲጠግንለት፣ "አሁን የቀለበት ጣትህ መቆረጥ አለበት" ብሎ መጥረቢያ ያነሣል። ኤዚዮ ጥርሱን ነክሶ እጁን ይዘረጋል። መጥረቢያው ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ሊዮናርዶም ይስቃል። ጣት የሚቆረጠው ድሮ ነበር፣ ምላጩ ተሻሽሏል። አልታኢር ላይ የጎደለችውን ጣት ያስተዋለ ሰው ነው ይኼ የሚያስቀው።

በመለኪያዬ ስፈትሸው ግን አንድ ነገር ረበሸኝ። ወሬ መልቀሙ ጠፍቷል። ታሪኩ እጅህን ይዞ ከአንዱ ሚሽን ወደ ሌላው ይወስድሃል። በምትኩ ሕዝቡን መሣሪያ አድርጎ ሰጥቶሃል፦ ጠባቂዎቹን የሚያማልሉ ሴቶች ትቀጥራለህ፣ ሌባ ትልካለህ፣ ገንዘብ ትበትንና ግርግር ትፈጥራለህ። ይኼም ማድባት ነው፣ ግን ጥናቱን ሌላ ሰው ጨርሶልሃል። ሌላም ያኔ ያናደደን ነገር አለ። ታሪኩ ከምዕራፍ 11 ወደ 14 ይዘላል። 12 እና 13 በኋላ ለብቻ ተሸጡ።

ለጊዜው አንደኛ ላይ ተውኩት። ፕላስተሩን ግን አላጠበቅኩትም።

ብራዘርሁድና ሬቨሌሽንስ በፍጥነት አለፉ። ብራዘርሁድ (2010) ሮም ውስጥ ሰው ትመለምላለህ። አንድ ቁልፍ ስትጫን ከጣሪያ ላይ ወርደው ሰውየህን ጨርሰውልህ ይጠፋሉ። አሪፍ ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ ከተደረገ በኋላ ግን አንተ ራስህ ሥራ ፈት ትሆናለህ። በየሚሽኑ "መቶ ከመቶ ለማግኘት እንዲህ አድርገህ ግደል" የሚለው ነገር የጀመረውም እዚህ ነው። እንደፈለግክ ግደል ብለው አምጥተው የፈተና ወረቀት ሰጡን። አራተኛ። ሬቨሌሽንስ (2011) የሸመገለውን ኤዚዮ ቁስጥንጥንያ ይወስደዋል። ማስያፍ ላይ የሚያልቅበት መንገድ ያምራል። ግን ጣሪያ ላይ ቆሞ ወታደር እየመደቡ ሠፈር መከላከል ምን ሊያደርግ ገባ? አሥራ ሁለተኛ።

ታኅሣሥ፦ አሜሪካና ባሕሩ

የ2012ቱን ሦስተኛ ጌም ስጀምር መብራት እየመጣ እየሄደ ነበር። ጌሙ ራሱም አይቸኩልም። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የምትጫወተው ሄይተም ኬንዌይ በሚባል ጨዋ እንግሊዛዊ ነው። ቦስተን ይገባል፣ ሰዎቹን ይሰበስባል፣ ያው እንደምናውቀው አሳሲን የተደበቀ ምላጭ አለው። መጨረሻ ላይ አንዱን ሰው ሲቀበል የሚላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትሰማ ቴምፕላር መሆኑ ይገባሃል። ይኼን ሁሉ ሰዓት ለጠላት ስትሠራ ነበር። እያወቅኩትም ደስ አለኝ።

ከሄይተም በኋላ ልጁ ኮነር ይመጣል። እናቱ የሞሃክ ሴት ናት። መንደሩ ውስጥ ሰዎቹ በራሳቸው በሞሃክ ቋንቋ ነው የሚያወሩት፣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። የሚሽኖቹ ነገር ግን ቀሽም ነው። ኮነር የአሜሪካን አብዮት ሁሉ ይታደማል። ሻዩ ባሕር ሲጣል አለ፣ ፖል ሪቪርም ሌሊት ሲጋልብ አፈናጦታል። ሰው ለመግደል ስታደባ ሳይሆን ለታሪክ መጽሐፍ ፎቶ ስትነሣ ነው የምትውለው። አሥራ አንደኛ።

ብላክ ፍላግ (2013) ላይ ብዙ ቆየሁ። ኤድዋርድ ኬንዌይ፣ የሄይተም አባት፣ የአሳሲን ልብስ ከሬሳ ላይ ገፎ የለበሰ የባሕር ወንበዴ ነው። ከ1715 ጀምሮ ካሪቢያን ላይ ከብላክቢርድ፣ ከቻርልስ ቬን፣ ከአን ቦኒ ጋር ይውላል። መርከቡ ጃክዶው ትባላለች። ማዕበል ሲመጣ የመርከቧን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ካላዞርክ ትመታሃለች። ጸጥ ሲል መርከበኞቹ ይዘፍናሉ። የዘፈኖቹን ወረቀት ከተማ ውስጥ በነፋስ ሲበር ጣሪያ ለጣሪያ እያሳደድክ ነው የምትይዘው። አንዱ ወረቀት አምልጦኝ ሃቫና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተናደድኩ።

እንደ ባሕር ወንበዴ ጌም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እንደ አሳሲን ጌም ግን? የብሱ ላይ ስትወርድ ሥራህ አንድ ነው፦ ተከተል፣ አትታይ፣ አዳምጥ። ከሰውየው ራቅ ካልክ ጠፋህ፣ ቀረብ ካልክ ታየህ፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ማዳመጡ ከ2007ቱ የመጣ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የሰማኸው ነገር ለምንም አያገለግልህም። ሚሽኑ አልቋል፣ ሌላ ቦታ ሂድ።

በጣም ከብዶኝ ስድስተኛ አደረግኩት። የእህቴ ልጅ እንኳ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ኃጢአት ነው!" አለ። የመርከቡ ምክትል አዴዋሌ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው፣ በኋላ ፍሪደም ክራይ በሚል ተጨማሪ ክፍል ሄይቲ ላይ ባሪያዎችን ነፃ ያወጣል። ያ ክፍል ብቻውን ቢቆጠር ኖሮ ከሦስተኛው ጌም በላይ ነበር።

ሮግ (2014) ስለ ሼይ ነው፣ አሳሲን ሆኖ ጀምሮ ወደ ቴምፕላር የዞረ። የዞረበት ምክንያት የ1755ቱ የሊዝበን መሬት መንቀጥቀጥ ነው። አንድ ዕቃ ከቦታው ሲያነሣ ከተማው በላዩ ላይ ይፈርሳል። ያቺ ሚሽን ምርጥ ናት። ከእሷ ውጪ ያለው የብላክ ፍላግ ትራፊ ነው። አሥራ ሦስተኛ።

ጥር፦ ዩኒቲ

ዩኒቲን ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው በስህተቶቹ ነው። በኅዳር 2014 ሲወጣ ፊት የሌላቸው፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ የቀራቸው ሰዎች ሥዕል ኢንተርኔቱን ሞልቶት ነበር። የሠራው ኩባንያ ዩቢሶፍት ይቅርታ ጠይቆ ተጨማሪውን ክፍል በነፃ ሰጠ። ዛሬ ከነማስተካከያዎቹ ስትከፍተው ሌላ ጌም ነው።

ፓሪስ፣ የፈረንሳይ አብዮት። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ሕንፃዎቹ በእውነተኛው ልካቸው ገደማ ስለተሠሩ ኖትርዳም ፊት ስትቆም አንገትህን ታቀናለህ። ካቴድራሉን የሠራችው ካሮሊን ሚውስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። አናቱ ላይ ያለው ሹል ማማ በአብዮቱ ዘመን አልነበረም፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሰው የሚያውቀው ኖትርዳም ያ ስለሆነ አስገቡት። በሚያዝያ 2019 ያው ማማ በእሳት ተቃጥሎ ሲወድቅ ኩባንያው ጌሙን ለአንድ ሳምንት በነፃ ለቀቀው፣ ለጥገናውም ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ሰጠ።

የመጀመሪያው ትልቅ ግድያ እዚያው ኖትርዳም ውስጥ ነው። ሲቬር የሚባል ሰው። ጣሪያ ላይ ቆመህ ጌሙ ያሉትን አጋጣሚዎች ያሳይሃል፣ እንዴት እንደምትጠቀምባቸው ግን አይነግርህም። ቁልፍ የያዘ ሰው አለ፣ ከሰረቅከው በሮችና መስኮቶች ይከፈቱልሃል። ሲቬር የሚቀጣጠረው ረዳትም አለ። እሱን ቀድመህ ካስወገድከው በእሱ ፋንታ መናዘዣው ሳጥን ውስጥ ገብተህ ትቀመጣለህ። ሲቬር መጥቶ ከእንጨቱ ወንፊት ማዶ ይቀመጣል። ረዳቱን ያናገረ መስሎት ማውራት ይጀምራል። ምላጩ በወንፊቱ በኩል ያልፋል።

ይኼን ሚሽን በሳጥኑ ጨረስኩ፣ በጣሪያው ጨረስኩ፣ በዋናው በር ገብቼም ሞከርኩት፣ እሱ እንኳ አልተሳካም። የእህቴ ልጅ በአራተኛ መንገድ ገባ፣ በየት እንደገባ አልነግርህም ብሎኛል።

አወጣጥና አወራረዱም ተለይቷል። አንዱ ቁልፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ከማማ ላይ እየተንጠለጠልክ፣ እየተገለበጥክ ስትወርድ ከሁሉም ጌም በላይ ያምራል። ታሪኩ ደካማ ነው፣ የአርኖና የኤሊዝ ፍቅር አልያዘኝም። ግን ለጥያቄዬ ከመጀመሪያው ጌም ወዲህ የመጣ ምርጥ መልስ ነው። ከአሥራ ሦስተኛ ወደ ሦስተኛ። በሩ ላይ ካርቶኑን ሳዛውር ሌሎቹ ሁሉ መውረድ ስላለባቸው ፕላስተር አለቀብኝ።

ሲንዲኬት (2015)፣ ለንደን፣ 1868። ኢቪ ታደባለች፣ ወንድሟ ጄኮብ ይደባደባል። ገመድ የሚተኩስ መሣሪያ አለ፣ በሰከንድ ጣሪያ ላይ ያወጣሃል። መውጣት ከቀለለ ደግሞ ስለ ሕንፃው ማሰብ ይቀራል። የሚያሳዝነው ጌሙ የኢቪ ብቻ አለመሆኑ ነው። አሥረኛ።

የካቲት፦ ኦሪጅንስ

በ2016 ዋና ጌም አልወጣም፣ ዓመት አረፉ። በ2017 ኦሪጅንስ መጣ። ግብጽ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 49። ክሊዮፓትራና ወንድሟ ዙፋን የሚጣሉበት፣ ጁሊየስ ቄሳር የሚመጣበት ዘመን። ባየክ የሲዋ ሰው ነው። ልጁ ኬሙ ተገድሎበታል።

መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። እዚህ ጌም ላይ የደረጃ ቁጥር መጣ፣ ጠላትህ ከአንተ ብዙ ደረጃ ከበለጠ ምላጭ አንገቱ ላይ ሰክተህበት እንኳ አይሞትም። ይኼ ለአሳሲን ጌም ነውር ነው። ግን ተመልከት፦ ሴኑ የምትባል ንስር አለችህ፣ ምሽጉን ከላይ ታየዋለች። ጠባቂዎቹ የቀን ውሎ አላቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይቀያየራሉ። ባየክ ቁጭ ብሎ ጊዜውን ሊያሳልፍ ይችላል። ቀን ላይ ሞልቶ ያየኸውን ምሽግ ሌሊት ስትመለስ ግማሹ ተኝቷል። ማንም "ወሬ ልቀም" አላለህም፣ አንተ ነህ ያየኸው።

ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው የድንጋይ ክቦቹ ናቸው። በረሃ ላይ ክብ ሆነው የቆሙ ድንጋዮች ታገኛለህ፣ ባየክ ሰማዩን እያየ ከዋክብቱን ሲያገጣጥም ከኬሙ ጋር የነበረውን ንግግር ይሰማል። ሽልማቱ ወርቅ ወይም ሰይፍ ቢሆን ኖሮ ትረሳዋለህ። ሁለተኛው ፋዩም ውስጥ ያለችው ትንሿ ሻድያ ናት። ከባየክ ጋር ትጫወታለች፣ ምሥጢር ትነግረዋለች፣ በኋላ ውኃ ውስጥ ትገኛለች። "አዞው" የተባለችውን ሴት ለመግደል የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደምትገድል ጌሙ ማብራራት አላስፈለገውም።

የቀለበቷ ጣት ነገርም እዚህ ትዘጋለች። ባየክ እስክንድርያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲታገል ምላጩ የራሱን ጣት ይቆርጠዋል። አሳሲኖች ለአንድ ሺህ ዓመት የቆረጡት ጣት መነሻው አደጋ ነበር።

ካርታውን አጥፍቼ ስዞር አብዛኛውን ጊዜ በአባይ ዳር በጀልባ ነበር። ከበረሃው መሃል ድንገት ያ ሁሉ አረንጓዴ። የእህቴ ልጅ አፈሩን እያሳየኝ፣ "ጋሼ፣ ይኼ ከእኛ የሄደው አይደል?" አለ። ነው። የጎርፉን ደለል አብዛኛውን ይዞ የሚወርደው ጥቁር አባይና ተከዜ ነው። ግብጾቹ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ሲሠሩ ቆመን አየናቸው፣ ከጎጃም ስለሄደ አፈር ኪራይ መጠየቅ ነበረብን።

ካርቶኑን አንደኛ ላይ ለጠፍኩ። ሁለተኛው ጌም ወረደ። ተከራክሬ ሳይሆን ደንቡን ተከትዬ ነው።

መጋቢት፦ ሰፋፊዎቹ

ኦዲሲ (2018) ከክርስቶስ ልደት በፊት 431 ላይ፣ አቴንስና ስፓርታ ሲዋጉ ይጀምራል። ካሳንድራ ወይም አሌክሲዮስ ትሆናለህ። ካሳንድራን ምረጡ፣ ሌላ ምክር የለኝም። የተደበቀው ምላጭ የለም፣ የሊዮኒዳስ ጦር ስባሪ ነው ያላት። መልስ ትመርጣለህ፣ ምርጫህም ይከተልሃል።

ገና ከፋሎንያ ደሴት ላይ ሳለህ ካህናትና ወታደሮች በሽታ የያዛቸውን ቤተሰብ ሊገድሉ ሲሉ ትደርሳለህ። እናት፣ አባት፣ ልጆች። ይለምኑሃል። አዳንኳቸው፣ ማንም ሰው የሚያድን ይመስለኛል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ወሬ መጣ፣ ደሴቱ በወረርሽኙ አለቀ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ጎዳናው ላይ ሬሳ ነው። ይኼ ነገር በጣም ከባድ ነው፣ ጌሙ ዳግመኛ እዚህ ከፍታ ላይ አይደርስም። የቀረው ሰፊ ነው፣ በጣም ሰፊ። ደረጃ ለማሳደግ ስትለፋ ትውላለህ፣ ድካሙን የሚያቀልልህን ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጡልሃል። ዘጠነኛ።

ቫልሃላ (2020)። 873 ላይ ኤይቮር ከኖርዌይ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል፣ ወይም ትሻገራለች። መርከብ ይዘህ ገዳም ትዘርፋለህ። ቀንደ መለከቱን ትነፋለህ፣ በሩን ትሰብራለህ፣ ሣጥኑን ትከፍታለህ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ግን መነኮሳቱን መንካት አይቻልም። ከገደልክ አኒመሱ፣ "ኤይቮር ሰላማዊ ሰው አልገደለም" ይልና ያስወጣሃል። ገዳም የሚዘርፍ፣ መነኩሴ የማይነካ ቫይኪንግ! የእህቴ ልጅ ለዚህ መልስ አልነበረውም፣ "ግን መጥረቢያው..." ብሎ ዝም አለ።

በግጥም የሚሰዳደቡበት ውድድር ደስ ይላል፣ ቅኔ የሚወድ ሰው ይገባዋል። የቀረው አንድ ታሪክ እየተደጋገመ ነው። አንድ አውራጃ ትገባለህ፣ የአካባቢውን ጌታ ችግር ትፈታለታለህ፣ ምሽግ ትከባለህ፣ ቃል ኪዳን ትገባለህ፣ ቀጣዩ አውራጃ። ከመግደሌ በፊት ምን አሠራኝ? በር ሰበርኩ። አሥራ አራተኛ።

ሚራዥ (2023) የቫልሃላ ተጨማሪ ክፍል ሊሆን ታስቦ ነው የተጀመረው፣ እየሰፋ ሄዶ ራሱን ቻለ። ባግዳድ፣ 861፣ ክቡ ከተማ። በዓረብኛ አድርጋችሁ ተጫወቱት፣ ገበያው ወዲያው ሕይወት ይዘራል። ወሬ መልቀሙ ተመልሷል፣ ትንሽ ነው፣ ያጥራል፣ ደስ ይላል። የሚያበላሸው ባሲም ሰዎችን ምልክት አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ከአንዱ ወደ ሌላው እየጠፋ መግደሉ ነው። ያኔ ያጠናኸው ሁሉ ትርፍ ነገር ይሆናል። ስምንተኛ።

መጋቢት መጨረሻ፦ ሻዶውስ

የመጨረሻው። ጃፓን፣ ከ1579 ጀምሮ። ሁለት ሰው ነህ። ናኦዌ ከኢጋ የመጣች ሺኖቢ (ኒንጃ) ናት፣ ያሱኬ ደግሞ የጃፓኑን የጦር መሪ ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለው ጥቁር ሰው። ያሱኬ በታሪክ የነበረ ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር መጣ፣ በ1581 ከኖቡናጋ ጋር ተገናኘ። ኖቡናጋ ቀለሙን አላምን ብሎ እንዲታጠብ እንዳደረገው ተጽፏል። "ሀበሻ ነው ይባላል" የሚል ወሬ እኛ ሠፈርም ደርሷል። ፍራንሷ ሶሊዬ የተባለው ኢየሱሳዊ በ1627 የጻፈው ሞዛምቢክ ብሎ ነው። የእህቴ ልጅ ሞዛምቢክን አልተቀበለም።

ናኦዌ ለመለኪያዬ የተሠራች ናት። መብራት ታጠፋለች፣ ጨለማ ውስጥ ትደበቃለች፣ በደረቷ ተኝታ ትሳባለች። ወቅት ይቀያየራል። በበጋ ቁመት ያለው ሣር ውስጥ የተደበቅክበት ቦታ በክረምት ባዶ ነው፣ ኩሬው በረዶ ሆኖ መዋኘትም የለም። ያው ግንብ ሁለት ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። እሷን ይዤ አንድ ግንብ ስዞር ሌሊቱ ነጋ፣ የእኔም ሌሊት አብሮ።

ያሱኬ በሩን ሰብሮ ይገባል። ከማማ ላይ ሲዘልም ድርቆሹ ላይ ወድቆ ወገቡን እያሸ ነው የሚነሣው፣ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው ያሳቁበት። ችግሩ ያሱኬ ሲመጣ ቫልሃላን ያስታውሰኛል። ናኦዌ ብቻዋን አራተኛ ትገባ ነበር። አንድ ላይ ሰባተኛ።

አሁን ተራው እንዲህ ቆሟል። ኦሪጅንስ፣ ሁለተኛው፣ ዩኒቲ፣ ብራዘርሁድ፣ የመጀመሪያው፣ ብላክ ፍላግ፣ ሻዶውስ፣ ሚራዥ፣ ኦዲሲ፣ ሲንዲኬት፣ ሦስተኛው፣ ሬቨሌሽንስ፣ ሮግ፣ ቫልሃላ። ብራዘርሁድንና የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አቀያይሬ መልሻቸዋለሁ። ብራዘርሁድን ያተረፈው ሮም ራሷ ናት፣ ካርታ ዘግቼ ከኮሎሲየም እስከ ካስቴል ሳንታንጄሎ የሄድኩባት ምሽት። የእህቴ ልጅ ዝርዝር ላይ አሁንም ቫልሃላ አንደኛ ነው፣ ዩኒቲ ግን ከየት መጣ ሳይባል ሁለተኛ ገብቷል።

የመጀመሪያውንና ኦሪጅንስን ደግሜ ልጨርሳቸው ስለሆነ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ ያስፈልገኛል። ብዙ ቦታ የያዘው ቫልሃላ ነው፣ አጠፋሁት። ሴቩን ለልጁ ፍላሽ ላይ ገልብጬለታለሁ።